ሽንቱ ለምን አረፋ ያወጣል? ስለ ሉፐስና ኩላሊት ከወሎ የደረሱን ጥያቄዎች

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ስምንቱ ከወሎ ናቸው፤ ስምንቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ኩላሊት ስለነካ ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት በሽታ ተከላካይ የገዛ ሰውነቱን ስለሚያጠቃበት በሽታ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ስም አላወጣንም። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፤ ሌሎቹ የቆሙት በእሱ ላይ ስለሆነ ቢቸኩሉም አይዝለሉት።

«የሰውነት በሽታ ተከላካይ ህዋሳት ራሳቸው ኩላሊትን ያጠቃሉ ይባላል። ተማሪዎቼ ‹ለምን ኩላሊትን? የትኛው ህዋስ?› ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ።» የባዮሎጂ መምህር፣ ከደሴ

መምህር፣ ተማሪዎችዎ ደህና አድርገው ጠይቀዋል። «ሰውነት ራሱን ያጠቃል» ተብሎ የሚታለፈው ነገር ውስጡ ሲገባ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱም የሚጀምረው ከኩላሊት ሳይሆን ከሞቱ ህዋሳት ነው።

በሰውነታችን ውስጥ በየዕለቱ እጅግ ብዙ ህዋሳት ይሞታሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ማክሮፋጅ የሚባሉት በላተኛ ህዋሳት ፍርስራሹን ወዲያው ይለቅሙታል። ሲ1ኪው የተባለው የደም ፕሮቲን ፍርስራሹ ላይ እየተለጠፈ ይጠቁማቸዋል። ሉፐስ ባለበት ሰው ላይ ግን ጽዳቱ ይዘገያል፤ አስኳል ውስጥ ተሸሽጎ መኖር የነበረበት ዲኤንኤ ሜዳ ላይ ይቀራል። ዴንድሪቲክ የሚባሉት ጠባቂ ህዋሳት ይህን ዲኤንኤ ሲውጡት የቫይረስ ይመስላቸውና ኢንተርፌሮን የተባለውን የአደጋ ጥሪ ይለቃሉ። ጥሪው የደረሳቸው ቢ ሴሎች፣ አጋዥ ቲ ሴሎች እየገፏቸው፣ በገዛ ዲኤንኤ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ይጀምራሉ። ከእነዚህ ቢ ሴሎች ከፊሎቹ ፕላዝማ ሴል ይሆናሉ። ፕላዝማ ሴል ፀረ እንግዳ አካል ከማምረት ሌላ ሥራ የለውም፤ መቅኒ ውስጥ ከገባ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ግርግሩን ማብረድ የነበረባቸው ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ደግሞ በሉፐስ ጊዜ ቁጥራቸው ወይም አቅማቸው ያንሳል።

ታዲያ ለምን ኩላሊት? ልብ ከሚረጨው ደም አምስት አንዱን ያህል የሚወስዱት ሁለቱ ኩላሊቶች ናቸው። በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ግሎሜሩለስ የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ጠላ ሲጠለል አተላው የሚጋገረው ማጥለያው ላይ ነው። ፀረ እንግዳ አካልና ዲኤንኤ ተጣብቀው የሚፈጥሩት ጓልም በደም ሲዞር ቆይቶ ማጣሪያው ላይ ይቀመጣል። ሁሉም ከደም የመጣ ግን አይደለም፤ ማጣሪያው ላይ ቀድሞ በተለጠፈ ዲኤንኤ ላይ ፀረ እንግዳ አካሉ መጥቶ እዚያው የሚጣበቅበት ጊዜም አለ።

ጓሉ የት እንደተቀመጠ ማወቅ ግማሹን በሽታ ማወቅ ነው። የማጣሪያው ግድግዳ ሦስት ንብርብር አለው፦ በደም በኩል የደም ሥሩ ሽፋን፣ መሀል ላይ ገለፈት፣ በሽንት በኩል ፖዶሳይት የሚባሉት ባለ እግር ህዋሳት። ጓሉ በደም በኩል ከሽፋኑ ሥር ከተቀመጠ ደሙ ውስጥ ያሉት ነጭ ህዋሳት ያገኙታል። ኮምፕሊመንት የሚባሉት የደም ፕሮቲኖች እዚያ ላይ ይቀጣጠላሉ፤ በደም ምርመራ ሲ3 እና ሲ4 ዝቅ ብለው የሚታዩት እዚያ ስለሚያልቁ ነው። ጭሱን ተከትለው ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ህዋሳት ይጎርፋሉ፣ ደም ሥሩ ይቆስላል፣ ሽንት ውስጥ ደም ይወጣል። ጓሉ በሽንት በኩል ከፖዶሳይቱ ሥር ከተቀመጠ ግን ገለፈቱ በመሀል ስለሚጋርድ የደም ህዋሳት አይደርሱበትም። ያኔ እብጠትና አረፋማ ሽንት እንጂ ብዙ ደም አይታይም፤ ፖዶሳይቱ እግሮቹን ስለሚሰበስብ ፕሮቲን በገፍ ያልፋል። አንድ በሽታ በሁለት ታማሚዎች ላይ ሁለት መልክ የሚይዘው በዚህ ልዩነት ነው።

ኒውትሮፊል ለብቻው ሊነሳ የሚገባው ነገር አለው። ሲሞት የራሱን ዲኤንኤ እንደ መረብ ዘርግቶ ተህዋስ ይይዝበታል፤ ይህ የታወቀው በ2004 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው)። ለኢንፌክሽን ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለሉፐስ ግን እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው፤ የተዘረጋው መረብ ራሱ ፀረ እንግዳ አካሉ የሚፈልገው ዲኤንኤ ነውና። ሰንሰለቱ ክብ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለክፍል የምትሆን ታሪክ ካስፈለገችዎ፦ በ1948 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ማልኮም ሃርግሬቭስና ባልደረቦቹ በመቅኒ ናሙና ውስጥ የሌላ ህዋስ አስኳል የዋጠ ነጭ ህዋስ ማየታቸውን አሳተሙ። ህዋሱ «ኤልኢ ሴል» ተባለ፤ ለብዙ ዓመታትም ሉፐስን መለያ ሆኖ አገለገለ።

ከኒውትሮፊሎቹ ኋላ ሞኖሳይቶች ገብተው ማክሮፋጅ ይሆናሉ። እነዚህ ሁለት ጠባይ አላቸው፦ ያቃጥላሉ፣ ያጸዳሉ። አጽጂዎቹም ቢሆኑ ሥራቸው ሲራዘም ጠባሳ ወደ መሥራት ያዘነብላሉ። ቲ ሴሎቹ ደግሞ በብዛት የሚገኙት ማጣሪያው ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ቱቦዎች መካከል ነው፤ አንዳንዴ ቢ ሴሎችን ጠርተው እዚያው ኩላሊት ውስጥ መንደር ይመሠርታሉ። ብዙ ጽሑፍ ማጣሪያው ላይ ብቻ ያተኩራል፤ በእኛ ግምት ይህ ስህተት ነው። ኩላሊቱ ከዓመታት በኋላ ይሥራ አይሥራ ይበልጥ የሚናገረው በቱቦዎቹ መካከል ያለው ቁጣና ጠባሳ ነውና።

«የ22 ዓመት ልጄ እግሯ ያብጣል፣ ሽንቷ አረፋ ያወጣል። አዲስ አበባ ሄዳ ከኩላሊቷ በመርፌ ናሙና ይወሰድ አሉን። ጎረቤት ‹የተነካ ኩላሊት አይድንም› ይለኛል። ደሟና ሽንቷ ተመርምሮ የለም ወይ?» እናት፣ ከሐይቅ

እናታችን፣ አብሽሩ። ደምና ሽንት ኩላሊቷ እንደተነካ ይናገራሉ፤ እንዴት እንደተነካ ግን አይናገሩም። በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ ግማሽ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን የሚወጣ ሉፐስ ያለበት ሰው ባዮፕሲ፣ ማለትም ያ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና፣ እንዲደረግለት የሚመከረው ለዚህ ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 6 ባለ ክፍል ይጻፋል። ቁጥሩ እንደ ትምህርት ቤት ክፍል እየጨመረ የሚከፋ አይደለም፦ 3 እና 4 ደም ሥሩ የቆሰለባቸው ናቸው፣ ፈጣንና ጠንካራ ሕክምና ይፈልጋሉ። 5 ፕሮቲን የሚያፈሰው ዓይነት ነው፤ ከ3 ወይም ከ4 ጋር ተደርቦ ሊመጣም ይችላል። 6 ደግሞ ማጣሪያዎቹ ከሞላ ጎደል ወደ ጠባሳ የተቀየሩበት ነው፤ እዚያ ላይ ኃይለኛ መድኃኒት መስጠት ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አይታይም። ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ መድኃኒት ቢጀምር በጭለማ እንደ መተኮስ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ልጅዎ በሆዷ ትተኛለች፤ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ጀርባዋን ካደነዘዘ በኋላ ቀጭን መርፌ ያስገባል። እንደ ክር የቀጠኑ፣ ርዝመታቸው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይወጣሉ። በውስጣቸው 10 ወይም 20 ማጣሪያ ቢገኝ ደህና ናሙና ነው፤ ኩላሊቱ ያለው ግን 1 ሚሊዮን ያህል ነው። መርፌ የነካው ኩላሊት አይድንም ለሚሉት ጎረቤትዎ በዚህ ሂሳብ ይመልሱላቸው።

የሚፈራው ነገር መድማት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የደም ግፊቷ ከ140/90 በታች መውረድ፣ የደም መርጊያ ምርመራዋና ፕላትሌቷ መታየት አለበት። አስፕሪን ወይም ዲክሎፌናክ ትወስድ ከነበረ አስቀድማ ትናገር፤ አስፕሪን ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይቆማል። ከተወሰደላት በኋላ በጀርባዋ ለሰዓታት ትተኛለች፤ ሽንቷም ይታያል። ሐይቅና አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉና በዚያው ቀን አውቶብስ እንዳትሳፈር፤ መድማት ካለ የሚታየው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። ቤት ከገባችም በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ጄሪካን አታንሳ፣ እንጨት አትፍለጥ።

አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ናሙናው ለኢሚውኖፍሎረሰንስ ተለይቶ ይቀመጣል ወይ?» ለተራው ማይክሮስኮፕ የሚሄደው ቁራጭ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። የተለጠፉትን ፀረ እንግዳ አካላት በቀለም የሚያሳየው ምርመራ ግን ፎርማሊን ያልነካው ቁራጭ ይፈልጋል። ሁሉም በስህተት አንድ ጠርሙስ ውስጥ ከተከተተ ያ ክፍል ይበላሻል፤ ያንን ሁሉ መንገድ ደግሞ መሄድም ሊመጣ ነው። ሉፐስ በዚህ ምርመራ ላይ ሦስቱንም ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል፣ ሲ3 እና ሲ1ኪውን ጨምሮ አምስቱንም አብርቶ ማሳየቱ ከሌሎች የኩላሊት በሽታዎች ይለየዋል።

«28 ዓመቴ ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ፕሪድኒሶሎንና ማይኮፌኖሌት ታዞልኛል። አንዱ የወባ ኪኒን ነው አሉኝ፤ እኔ ወባ የለብኝም። በሁለተኛው ፊቴ አበጠ። አሁን ደህና ነኝ፤ ላቁም ወይ?» ከከሚሴ

እህታችን፣ አታቁሚ። ለምን እንደሆነ ደግሞ ኪኒን በኪኒን እንይ።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከክሎሮኪን ወገን መሆኑ እውነት ነው፤ አንቺ የምትወስጂው ግን ለወባ አይደለም። ጠባቂው ህዋስና ቢ ሴሉ የዋጡትን ዲኤንኤ የሚያሸቱባትን ትንሽ ከረጢት አሲድነት ይቀንሳል። ማሽተቻው ሲደነዝዝ የአደጋ ጥሪው፣ ኢንተርፌሮኑ፣ ይቀንሳል። ሰንሰለቱን ከላይኛው ቀለበት ላይ የሚይዘው እሱ ነው፤ አገርሽቶም እንዳይነሳ ይከላከላል። ልኩ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ5 ሚሊ ግራም አይበልጥም፦ 60 ኪሎ የሆነች ሴት 300 ሚሊ ግራም። ኪኒኑ ባለ 200 ከሆነ አንድ ቀን አንድ፣ በማግስቱ ሁለት እየወሰደች ልኩን ታገኛለች። ከልክ በላይ ከሆነና ዓመታት ከቆየ ዓይን ውስጥ ሬቲናን ይጎዳል፤ ስለዚህ ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ዓይን ይታያል፤ ኩላሊቷ የደከመባት ግን ቶሎ ቶሎ ትታይ። ሲያልቅብሽ ከመድኃኒት ቤት «ያው ነው» ተብሎ ክሎሮኪን ቢሰጥሽ አትቀበይ፤ ልካቸው አንድ አይደለም፣ ለዓይንም ክሎሮኪን ይበልጥ ይከብዳል።

ፕሪድኒሶሎን ሁሉንም ህዋስ በአንድ ጊዜ ዝም የሚያሰኝ ነው። ፈጣን ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው፦ ፊት ማበጥ፣ ስኳር፣ የአጥንት መሳሳት። ስለዚህ ዓላማው ብዙ ጀምሮ በወራት ውስጥ ወደ 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች ማውረድ ነው። በድንገት ከቆመ ግን ከኩላሊት በላይ ያለችው አድሬናል ዕጢ ሥራዋን ረስታ ስለከረመች ግፊትሽ ወርዶ ልትወድቂ ትችያለሽ። አንድ የሚያደናግር ነገር እዚህ አለ፦ ፕሪድኒሶሎን በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚውሉትን ኒውትሮፊሎች ያላቅቃቸዋል፤ በምርመራ ነጭ ደም ከፍ ብሎ ይታያል። ትኩሳትና ሌላ ምልክት ከሌለ ያ ብቻውን ኢንፌክሽን አይባልም። በተቃራኒው ኪኒኑ ትኩሳትን ስለሚሸፍን ትንሽ ትኩሳት ከተሰማሽ ችላ አትበይው።

ማይኮፌኖሌት መራጭ ነው። ቢ ሴልና ቲ ሴል ለመባዛት የዲኤንኤያቸውን አንዱን ጡብ፣ ጓኒንን፣ ራሳቸው መሥራት አለባቸው፤ ሌሎች ህዋሳት ያገለገለውን መልሰው መጠቀም ይችላሉ። መድኃኒቱ ያንን መሥሪያ ይዘጋል። ልኩ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ2 እስከ 3 ግራም ነው፦ ባለ 500 ከሆነ ከ4 እስከ 6 ኪኒን፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። ተቅማጥ ካስቸገረ ከማቋረጥ ይልቅ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከፋፍሎ መውሰድ ይረዳል። ባልተገኘ ጊዜ ሐኪሞች ወደ ሳይክሎፎስፋሚድ ይዞራሉ፤ ቀለል ያለው አሰጣጥ 500 ሚሊ ግራም በደም ሥር በየ15 ቀኑ ስድስት ጊዜ፣ በጠቅላላ 3 ግራም ነው።

አሁን ወደ «ደህና ነኝ» እንመለስ። እብጠቱ መጉደሉ ጥሩ ነው። መቅኒ ውስጥ ያለው ፕላዝማ ሴልና ኩላሊት ውስጥ የሰፈረው የህዋስ መንደር ግን ስሜትሽን ተከትሎ አይነሳም። ተሽሏቸው ሽንታቸው በጠራ ሰዎች ላይ ባዮፕሲ ሲደገም ቁጣው ሳይበርድ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መለኪያው ይህ ነው፦ ፕሮቲኑ በ3 ወር ቢያንስ በሩብ፣ በ6 ወር በግማሽ እንዲቀንስ፣ በዓመት ከ0.5 እስከ 0.7 ግራም በታች እንዲወርድ ይጠበቃል። አጠቃላይ ሕክምናው፣ የማቆያ ጊዜውን ጨምሮ፣ ከ3 ዓመት ማነስ የለበትም። ዓመት ሞልቶ ፕሮቲኑ ካልወረደ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መድኃኒቱ ተውጧል ወይ?» ነው፤ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ይገኛል።

ሳንነግርሽ ማለፍ የሌለብን፦ በባዶ እግር በእርሻ የምትውይ ከሆነ ስለ ስትሮንጂሎይድስ ለሐኪምሽ ንገሪ። በእግር ቆዳ የሚገባ የአንጀት ትል ነው፤ ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ይኖራል። የሚቆጣጠሩት ህዋሳት በፕሪድኒሶሎን ሲዳከሙ ግን ተራብቶ መላ ሰውነት ውስጥ ሊሰራጭና ሊገድል ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ አይቨርሜክቲን፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 200 ማይክሮ ግራም። ሄፓታይተስ ቢ፣ ቲቢና ኤችአይቪም እንዲሁ አስቀድመው ይታያሉ።

«በሽታው ይተላለፋል? ዘር ይከተላል? ለጥቁር ሕዝብ ይብሳል የሚባለውስ?» ከመርሳ

አይተላለፍም፤ የቡና ሲኒዋን አትለዩባት። ዘርን በተመለከተ፦ አንድ ዓይነት መንትዮች እንኳ አንዷ ታማ ሌላዋ የምትታመመው ከአራት አንድ ያህል ጊዜ ነው፤ ዘር ብቻውን አያሳምምም። የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ኩላሊቱ ቶሎ የሚደክምበት አንዱ ምክንያት ኤፒኦኤል1 የተባለ ዘረ መል ሁለት ልዩ ቅርጾች ናቸው። በ2011 በታተመ ጥናት በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ላይ እነዚህ ቅርጾች አልተገኙም። ስለዚህ የአሜሪካ ጥቁሮችን ቁጥር ወስዶ ለወሎ ሰው ማንበብ ልክ አይደለም።

«ተጋብተን ዓመት ሊሞላን ነው፤ ልጅ እንፈልጋለን። ማይኮፌኖሌት እወስዳለሁ።» ከወልድያ

ይቻላል፤ ግን በዕቅድ። ማይኮፌኖሌትና ሳይክሎፎስፋሚድ ፅንስ ይጎዳሉ። ማይኮፌኖሌቱ ከማርገዝሽ ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት በአዛታዮፕሪን ይተካል፤ ተተክቶም በሽታው እንዳልተነሳ ጥቂት ወራት ይታያል። ከዚያ በፊት ሽንትሽ ለ6 ወር ያህል የተረጋጋ መሆን አለበት። ለግፊት ወይም ለፕሮቲን ኢናላፕሪል የምትወስጂ ከሆነ እሱም ለፅንስ አይሆንም። ሃይድሮክሲክሎሮኪኑ ይቀጥላል፤ ብዙዎች በፍርሃት የሚያቆሙት እሱን ነው፣ መቆየት ያለበት ግን እሱ ነው። ከ16ኛው ሳምንት በፊት አነስተኛ አስፕሪን ይጨመራል። ፀረ ሮ የተባለው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራም ይሠራልሽ፤ ካለብሽ የፅንሱ የልብ ምት በቅርብ ይታያል። እስከዚያ ድረስ አስተማማኝ መከላከያ ተጠቀሚ፤ ኤስትሮጅን ያለበትን ግን ያለ ሐኪም አትጀምሪ።

«ረመዳን እየደረሰ ነው። መገጣጠሚያዬን ሲያመኝ ዲክሎፌናክ እወጋለሁ፣ ፀሐይም አይስማማኝም። ምግብስ?» ከኮምቦልቻ

ሽንቱ ገና ያልጠራ ወይም ብዙ ፕሪድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ባይጾም ይሻላል፤ ለታመመ መፍቀዱን ደግሞ እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል። በሽታው ተረጋግቶ ሐኪም ከፈቀደ ፕሪድኒሶሎኑ በስሑር፣ ሁለቴ የሚወሰደው በስሑርና በፍጥር ይሆናል።

ዲክሎፌናኩን ይተዉት። የተቆጣ ኩላሊት ደም የሚያገኘው የመግቢያ ሥሩን በግድ አስፍቶ ነው፤ ያንን የሚያሰፋውን ንጥረ ነገር ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይቆርጡታል። መርፌው መገጣጠሚያውን ያስታግሳል፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመውን ክሬያቲኒን ግን ከፍ ያደርጋል። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ መገጣጠሚያው ደጋግሞ ካመመ ሉፐሱ አልበረደም ማለት ነውና ለሐኪም ይነገር።

ጨው በቀን 5 ግራም፣ ማለትም ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ። ችግሩ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት መጨረሱ ነው፤ ወጡ ላይ ባይጨመርም ልኩ ያልፋል። ለታማሚው ጨው ያልገባበት በርበሬ ለብቻ ቢዘጋጅ ብዙ ይቀልላል።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ጨረሩ የቆዳ ህዋሳትን ይገድላል፤ የሞቱት ህዋሳት ሰንሰለቱን እንደገና ይጀምሩታል። ፊት ላይ የወጣው ሽፍታ ከሳምንታት በኋላ ኩላሊት ላይ ሊከተል የሚችለው በዚህ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጃንጥላና ረጅም እጅጌ አይለይዎ። ደሴ ሲወጡ ብርዱ አያታልልዎ፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል።

«ጀርመን ውስጥ የሰውን ህዋስ አውጥተው አስተካክለው ሲመልሱት ሉፐስ ይድናል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?» ከላሊበላ

መሠረት አለው። ከታማሚው ቲ ሴል ይወሰዳል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ በቢ ሴል ላይ ያለውን ሲዲ19 የተባለ ምልክት እንዲያውቅ ተደርጎ ይመለሳል፤ ገብቶ ቢ ሴሎቹን ያጠፋል። በጀርመኗ ኤርላንገን ከተማ የተደረገው የመጀመሪያው ሕክምና በ2021 ታተመ፤ ታማሚዋ ከባድ የኩላሊት ሉፐስ የነበረባት የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። በ2022 አምስት ታማሚዎች ተዘገቡ፤ አምስቱም በ3 ወር ውስጥ በሽታቸው በረደ፣ መድኃኒትም አቆሙ። የሚያስገርመው ከወራት በኋላ ቢ ሴሎቻቸው ሲመለሱ በሽታውን አለመመለሳቸው ነው። ያም ሆኖ ከህዋስ መመለስ በፊት ጠንካራ ኬሞቴራፒ ይሰጣል፣ ኢንፌክሽን ያሰጋል፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ለኩላሊት ሉፐስ በአሜሪካ ከተፈቀዱት መድኃኒቶች መካከል ቤሊሙማብ (በታኅሣሥ 2020 እንደ ፈረንጆች) እና ቮክሎስፖሪን (በጥር 2021) ለብዙ ሰው ከዚያ ይቀርባሉ፤ ለእኛ እነሱም ገና ሩቅ ናቸው። ኩላሊት የወደቀበት ሰው ዲያሊሲስና ንቅለ ተከላ አለው፤ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2015 ነው። ዛሬ በእጅ ያለው ትልቁ መድኃኒት ግን ያችው ርካሿ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ናት።

«ጤና ጣቢያችን ያለው የሽንት ስትሪፕና ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። ሉፐስ ያለባትን ታካሚ በምን ልከታተላት?» የጤና ባለሙያ፣ ከደላንታ

ባለዎት ብዙ ይሠራል። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት፣ ከወር አበባ ውጭ፣ ከመሀል ያስይዙ። ስትሪፑን ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ያንብቡ፤ ፕሮቲን 1+ በዴሲ ሊትር 30 ሚሊ ግራም፣ 2+ 100፣ 3+ 300 ያህል ነው። ሽንቱ ቀጭን ከሆነ ስትሪፑ ፕሮቲኑን ያሳንሰዋል፤ ስለዚህ ውሃ ጠጥታ የመጣችበትን ከሰዓት ሽንት ከጠዋቱ ጋር አያወዳድሩ። ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ስትሪፕ እርጥበት ስለገባበት አይታመንም።

ማይክሮስኮፑ ሌላ ዓለም ነው። 10 ሚሊ ሊትር ሽንት ለ5 ደቂቃ ያሽከርክሩ፣ ከላይ ያለውን ደፍተው ግማሽ ሚሊ ሊትር ያስቀሩ፣ አናውጠው ይዩ። በ2 ሰዓት ውስጥ ካልታየ ህዋሳቱ ይፈርሳሉ። በቱቦ ቅርጽ የተደረደረ ቀይ ደም ህዋስ አንድ እንኳ ካገኙ ደሙ የመጣው ከማጣሪያው ነው፤ ከፊኛ አይደለም። ጠርዛቸው የተጎዳ፣ ጆሮ ያበቀሉ ቀይ ህዋሳትም ያንኑ ይናገራሉ።

ብዙ ቦታ የሚደጋገመው ስህተት ይህ ነው፦ ነጭ ህዋስ ይታያል፣ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን» ይባላል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይታዘዛል፣ በወሩ ይደገማል። ታካሚዋ ካላቃጠላት፣ ናይትራይት ከሌለና ባክቴሪያ ካልታየ እነዚያ ነጭ ህዋሳት ከተቆጣው ኩላሊት የወረዱ ሊሆኑ ይችላሉ። በ2019 የታተመ፣ 24 የኩላሊት ሉፐስ ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት ህዋስ በህዋስ መርምሮ 21 ዓይነት ነጭ ህዋሳት ኩላሊት ውስጥ አግኝቷል፤ ሽንት ውስጥ የተገኙትም በጠባያቸው ከኩላሊቶቹ ጋር የሚመሳሰሉ ነበሩ። በስላይድዎ ላይ የሚያዩዋቸው እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

በየወሩ ክብደት፣ ግፊትና ስትሪፕ በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉላት፤ ደብተሩ ከእሷ ጋር ደሴ ይሂድ። ፕሮቲኑ በሁለት ተከታታይ ወር አንድ መስመር ከጨመረ ቀጠሮዋን ያስቀድሙ። ግፊቷ አዲስ ከ140/90 ካለፈ፣ ፊቷ ጠዋት ጠዋት ካበጠ፣ ሽንቷ ካነሰ ወይም የሻይ ቀለም ከያዘ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሪፈር ይጻፉላት፣ የምትወስደውንም መድኃኒት ከነልኩ ወረቀቱ ላይ ያስፍሩ።